እንጀራና ዜማ

ከዋሺንግተን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ታክሲዎች በረድፍ ይቆማሉ። ተራው እስኪደርሰው ድረስ ሾፌሩ ጋዜጣ ያነባል፤ ያንቀላፋል፤ ወይም ከባልንጀራው ጋር ስለ አገሩ ያወጋል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ግን ከእነዚህ ሾፌሮች አንዱ የተለየ ልማድ ነበረው። ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ኪቦርድ ያወጣና ከኋላው ወንበር ተቀምጦ ጣቶቹን ያፍታታል። ተራው ሲደርስ ኪቦርዱን ወደ ቦታው መልሶ መሪውን ይጨብጣል። ይህ ሾፌር ኃይሉ መርጊያ ነው፤ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሌሊቱን ሲያደምቅ የነበረው የዋሊያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች።

ይህን የሰማ ሁሉ በመጀመሪያ ከንፈሩን ይመጣል። እንዲህ ያለ ከያኒ እንዴት ታክሲ ነጂ ይሆናል ማለት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከንፈር መምጠጥ ጥያቄውን ይሸፍነዋል እንጂ አይመልሰውም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ሙዚቀኛ የማንንም ደጅ ሳይጠና በሙያው ዕድሜውን ሙሉ ይዘልቅ ዘንድ ምን ምን ነገር በእጁ ሊኖር ይገባል?

የቀድሞው አዝማሪ ቢያንስ አንድ ነገር ነበረው፤ ማሲንቆው የራሱ ነበረች። ኑሮው በሰጪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ቢሆንም፣ አንዱ ደጅ ቢዘጋበት መሣሪያውን አንግቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ሲደራጁ ሙዚቀኛው ደመወዝና የደንብ ልብስ አገኘ። ነገር ግን ሣክስፎኑም ሆነ ከበሮው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ኃይሉም በደብረ ብርሃን ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ሲሆን፣ አኮርዲዮንን በራሱ ጥረት ከተማረ በኋላ ገና በአፍላነቱ ጥቂት ጊዜ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል አገልግሏል። ቀጥሎ የመጡት የምሽት ክበቦችም ቢሆኑ መሣሪያው ባብዛኛው የባለቤቱ ነበርና ተጫዋቹ ከቤቱ በወጣ ዕለት ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። ዋሊያሶች በራሳቸው መሣሪያ ይጫወቱ ስለነበር ከሆቴሉ ጋር ሲዋዋሉ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ተዋዋሉ። የሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት አዳራሹ ተዘግቶ እስኪነጋ ሲጨፈር፣ ያ ሁሉ ሌሊት የተሸጠው በእነርሱ ዋጋ ነበር።

መሣሪያ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተቀዳው ድምፅ ባለቤት ማነው የሚል ጥያቄ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ጥሶ የራሱን የሸክላ ድርጅት ከፈተ። በአገር ውስጥ ሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀዳው ድምፅ ወደ ውጭ አገር ተልኮ እየታተመ ይመለስ ነበር። በ1975 አገሩን ለቆ እስኪወጣ ድረስ አንድ መቶ ያህል ሸክላዎችን አሳትሟል። አንድ ሰው በራሱ ገንዘብና በራሱ ድፍረት የጀመረው ሥራ ዛሬ የዘመኑ ድምፅ መዝገብ ሆኖ ቀርቷል።

ከሸክላው በኋላ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነበር፤ ከየሱቁ ይገኝ ነበር፤ በየሱቁም ይገለበጥ ነበር። ብዙው ድምፃዊ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይወጣ ነበር። ያቺ ክፍያ በዕለቱ ብዙ መስላ ትታያለች፤ ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ይህ ነው። ካሴቱ ሃያ ዓመት ቢሸጥ ለባለዜማው ጠብ የሚልለት ነገር የለም። ከድምፃዊው ጀርባ የሚቆመው ባስ ጊታር መቺና ዜማ አቀናባሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሙ እንኳ በካሴቱ ልባስ ላይ አይጻፍም።

የኃይሉ ዕድል ከዚህ ላይ ይለያል። በ1977 ከዋሊያስ ጋር «ቼ በለው»ን፣ በማግሥቱ ዓመት ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ያለ ድምፃዊ አወጣ። በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ሲሻገር ከቀሩት አባላት አንዱ ሆነ። በ1985 በዋሺንግተን ወደ መጀመሪያ መሣሪያው ወደ አኮርዲዮን ተመለሰ፤ ኪቦርዱንና የኤሌክትሪክ ከበሮውን አጅቦ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፤ ከዚያም ዘመን አለፈበት። ልባሱ ላይ ግን የተጻፈው ስም የእሱ የራሱ ነበር።

ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት በባሕር ዳር አገኘው። ስሙን አንብቦ አፈላልጎ ደወለለት። ትርፉን ከባለሥራው ጋር እኩል በሚካፈለው አነስተኛ ድርጅቱ አማካይነት ካሴቱን በ2013 ዳግመኛ አሳተመው። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ ለማን ይደወል ነበር? ጣቶቹስ ዝገው ቢሆን ኖሮ ደዋዩ የሚያገኘው ትዝታ የሚያወራ ሽማግሌ በሆነ ነበር። ያገኘው ግን ለመድረክ የተዘጋጀ ተጫዋች ነበር፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ ሥራዎች ተከተሉ።

ከዚህ ታሪክ ታክሲ መንዳት ለኪነ ጥበብ ይበጃል የሚል ትምህርት የሚቀዳ ካለ ተሳስቷል። እነዚያ ዓመታት ዋጋ ናቸው፤ ያልተቀዱ ሥራዎች ዋጋ። ነገር ግን ሁለተኛው እንጀራ ለመጀመሪያው ሙያ ውርደት አልሆነበትም። ለቤት ኪራይ ሲል ያልወደደውን ዜማ እንዳይጫወት ነፃ አድርጎታል።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በ2007 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያም ባለመብቶች በጋራ ክፍያ የሚሰበስቡበት በር ተከፍቷል። ሕጉ ጥበቃ ለመስጠት ምዝገባን ግዴታ ባያደርግም፣ ባለመብቱን ይበልጥ የሚያግዘው ባለቤቱ የታወቀና ግልጽ ውል ያለው ሥራ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሙዚቀኛ ከጭብጨባው በፊት ሦስት ነገሮችን ይመርምር፤ መሣሪያው የማን እንደ ሆነ፣ ስሙ የት እንደ ተጻፈ፣ ውሉ ለስንት ዘመን እንደ ታሰረ።

በየሱቁ ጥግ አቧራ የለበሱ ካሴቶች ዛሬም አሉ። አንድ ቀን አንድ ሰው ያነሣቸው ይሆናል። ስም ካልተጻፈባቸው ግን የሚደወልለት ሰው አይኖርም።