አድራሻው ቢጠፋ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ጥፋቴን ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

አቀስታ ታሪክ አስተምራለሁ። አምና ለተማሪዎቼ ይጠቅማል ብዬ፣ የጥንት የብራና መጻሕፍታችን ሥዕል ያለበትን ገጽ ከኢንተርኔት እየፈለግሁ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ መዘገብሁ። በአንዱ ዓምድ የመጽሐፉን ስም፣ በሌላው ሊንኩን አሰፈርሁ። ሲነኩት ከመጽሐፉ ስለሚያደርስ ሌላ ነገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። 80 መስመር ሞላሁ፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁም።

ዘንድሮ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ለጓደኞቹ ሊያስረዳ ተሰናዳ። ይህ አባ ኢየሱስ ሞአ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያበረከቱት፣ የገዛ ወሏችን ቅርስ ነው። ልጁ ሊንኩን ቢነካው «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣ።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ጠፋ ማለት ነው?» አለኝ።

ክፍሉ ሁሉ እኔን ያያል። ምን ልመልስ? ሠንጠረዤ የያዘው መንገዱን እንጂ መጽሐፉን አልነበረም፤ መንገዱን ደግሞ ባለቤቱ አዛውሮታል። ንግግሩን ለሌላ ሳምንት አስተላለፍንለት።

ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የዩኒቨርሲቲ ደብተሬን ሳገላብጥ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832» የሚል ጽፌ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ለዚያ ወንጌል የሰጠው ቁጥር ነው። የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በቁጥሩ ብፈልግ መዝገቡ ወዲያው ወጣ።

የጥንት ሰዎች ይህን ነገር ከእኔ ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በክፍል በክፍል ቈጥሮ፣ ማቴዎስን ብቻ 355 አድርጎ፣ በ10 ሠንጠረዥ አያያዛቸው። የመጀመሪያው መስመር ማቴዎስ 8፣ ማርቆስ 2፣ ሉቃስ 7፣ ዮሐንስ 10 ይላል፤ አራቱም በምድረ በዳ ስለሚጮኸው ድምፅ የሚናገሩ ናቸው። ከዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ወንጌል ይኸው ሠንጠረዥ በሥዕል አሸብርቆ ይታያል። ልብ በሉ፤ የገጽ ቁጥር አልጻፈም። ገጽ በየጸሐፊው እጅ ይለዋወጣል፤ የክፍሉ ቁጥር ግን ከንባቡ ጋር አብሮ ይገለበጣል።

አሁን በሠንጠረዤ የመጽሐፉ ቁጥርና የሚገኝበት ቤተ መጻሕፍት ይቀድማሉ፤ ሊንኩ ይከተላል፤ በመጨረሻ የተከፈተበት ቀን ይጻፋል። ኔትወርክ ባለ ጊዜ ተማሪዎቹ መስመሮቹን ተካፍለው ይመረምራሉ። እስካሁን 19 ሊንኮች አልከፈት ብለዋል። ከእነዚህ ስድስቱ «የብራና መጽሐፍ» ከሚል በቀር ስም ስላልጻፍሁላቸው፣ የትኞቹ እንደ ነበሩ እኔም አላውቅም።