የመጀመሪያዋ ቀን፦ ከኮሎምበስ እስከ ክፋር ባትያ

ከኮሎምበስ መሐል ከተማ ተነስቶ በኢስት ብሮድ ስትሪት ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ቲፈርዝ እስራኤል የተባለውን ትልቅ ምኩራብ አልፎ፣ አለም ክሪክን ተሻግሮ ቤክስሊ ይገባል። ቤክስሊ ዙሪያዋን በኮሎምበስ የተከበበች፣ የራሷ ከንቲባ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። የኮሎምበስ አይሁድ ዋና መኖሪያ ከሆኑት ሰፈሮች አንዷም እሷ ናት። እዚያው አካባቢ ኮሌጅ አቬኑ ላይ የማኅበረሰቡ ማዕከል ይገኛል። መዋለ ሕፃናቱም፣ የስፖርት አዳራሹም፣ የወጣቶች መሰብሰቢያውም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ጦርነት ወይም ወረርሽኝ ካላስቀረው በቀር፣ የዚህ ማኅበረሰብ ወጣቶች በቡድን በቡድን ሆነው ወደ እስራኤል ይጓዛሉ። ከኮሎምበስ በቀጥታ ቴል አቪቭ የሚያደርስ አውሮፕላን ስለሌለ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ወይም ኒዋርክ ወርደው ይቀይራሉ። ከ18 እስከ 26 ዓመት ያሉትን ለ10 ቀን በነጻ የሚወስደው በርዝራይት የተባለው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከዓለም ዙሪያ ከ800 ሺህ በላይ ወጣቶችን አጓጉዟል። ወጪውን የሚሸፍኑት ባለጸጎች፣ የአይሁድ ማኅበራትና የእስራኤል መንግሥት ናቸው። በጉዞው መካከል እኩዮቻቸው የሆኑ እስራኤላውያን፣ ብዙዎቹም ወታደሮች፣ በአንድ አውቶቡስ አብረዋቸው ይሰነብታሉ። ከእነዚህ መካከል አያቱ አማርኛ የሚያወሩት የጎንደር ዘር ቢገኝ አይገርምም። ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉና።

የሰው ልጅ ጉዞ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን ከእኛው አገር የሚጀምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1905 ዣክ ፋይትሎቪች የተባለው ምሁር ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ። ያን ጊዜ ከቤተ እስራኤል ወገን ብዙዎቹ ከእነሱ በቀር በዓለም ላይ አይሁድ መኖሩን የማያውቁ ነበሩ፤ ነጭ አይሁድማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ጸሎታቸው በግዕዝ፣ ኦሪታቸውም በግዕዝ ሲሆን ዕብራይስጥ አያውቁም። ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ የተገኙት ዮና ቦጋለም በልጅነታቸው በዚሁ ሰው አማካይነት ወጥተው በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረዋል።

ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1955 እና በ1956፣ 27 የቤተ እስራኤል ልጆች በሁለት ዙር ወደ እስራኤል ተላኩ። የተቀበላቸው ራናና አጠገብ የሚገኘው ክፋር ባትያ የተባለው የወጣቶች መንደር ነው። ለኮሎምበስ ሰው ቦታው እምብዛም ባዕድ አይደለም። የከተማችን እህት ከተማ ሄርዝሊያ የራናና ጎረቤት ናት። ክፋር ባትያ ከአውሮፓው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ያደጉበት መንደር ስለነበር ከሩቅ አገር ለመጣ ልጅ እንግዳ አልነበረም። ከ27ቱ አንዱ ባሩክ ተገኘ ሲሄድ ገና የ11 ዓመት ልጅ ገደማ ነበር።

የተላኩበት ዓላማ ግልጽ ነበር። ተምረው ተመልሰው የመንደራቸውን ልጅ እንዲያስተምሩ ነው፤ ብዙዎቹም ተመልሰው አስተማሩ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ በሱዳን በኩል የተከፈተው የስደት መንገድ ሰው ሲፈልግ፣ እዚያ ኖሮ ቋንቋውንም ሕዝቡንም የሚያውቅ ሰው ተገኘ። ባሩክ ራሱ በሱዳን አድርጎ አፍሪካን አቋርጦ እስራኤል ከገባ በኋላ፣ በ2010 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ለወገኖቹ ሲሟገት ኖሯል።

ከዚህ ጋር የ1991ዱን ዘመቻ ሰሎሞን እናስተያይ። ግንቦት ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው በወጡ በሦስተኛው ቀን የተጀመረው በረራ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ አነሳ። ወንበራቸው በተነቀለ አውሮፕላኖች፣ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ያለ ሻንጣ ተጓዙ። አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከአንድ ሺህ ሰው በላይ ጫነ። ሕይወት የሚያድን ሥራ በመሆኑ ዘመቻው በሰንበትም አልቆመም። ቤን ጉሪዮን ሲደርሱ እልልታ ሆነ። ዳሩ ግን የመጀመሪያዋ ቀን እልልታ ለሁለተኛዋ ቀን ስንቅ አልሆነም። ጎንደር ሳሉ «ፈላሻ» የተባሉት እዚያ ሲደርሱ «ኢትዮጵያዊ» ተባሉ። በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ተሰምቶ ኢየሩሳሌም ላይ በቁጣ ሰልፍ ወጡ። በ2015 እና በ2019 ደግሞ በፖሊስ ግፍ ምክንያት ልጆቻቸው አደባባይ ወጡ።

እነዚያው ልጆች ተራቸውን በቡድን ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ጊዜ ነበር። ወለቃ ላይ የዳዊት ኮከብ ምልክት ያለበትን ሸክላ እያገላበጡ የአያቶቻቸውን መንደር አይተዋል። እስራኤል ውስጥ ኢትዮጵያዊ የተባለው ወጣት ጎንደር ላይ እንግዳ ሆኖ ቆመ። ግን ብቻውን አልነበረም። የገጠመውን አብሮት ለመጣው ጓደኛው ይነግረው ነበር።

የእኛስ ልጆች? ኮሎምበስ ውስጥ ተወልደው ያደጉት ቦሌ ሲወርዱ ከውጭ ዜጎች ሰልፍ ይቆማሉ። ከዚያ በየዘመዱ ቤት ይበተናሉ። አንዱ «አማርኛ አይችልም እንዴ?» ይላል፣ ሌላው «ዶላር አመጣህ?» ይላል። ልጁ የሚመልሰው ያጣል፤ አጠገቡም እንደ እሱ የሆነ ጓደኛ የለውም። ብዙው ለሁለተኛ ጊዜ መሄድ አይፈልግም። እኛም ጥፋቱን በልጁ እናሳብባለን።

የጎደለን ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። ለሠርግና ለምርቃት የሚወጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጎደለው ማኅበር ነው። እኛ ከማኅበር ይልቅ ቡድን ይቀናናል። በአገር ቤት ፖለቲካ ተኮራርፈን ልጆቻችንን በአንድ አውቶቡስ ለማሳፈር እንኳ አልተስማማንም። ለ27ቱ ልጆች ግን የላካቸውም ሆነ የሚቀበላቸው አካል አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

እንግዲህ አሥር ልጅ ይበቃል። አንድ ዓመት ፊደልና ታሪክ ይማሩ፣ ሁለት የሚታመኑ ሰዎች ይምሩአቸው፣ በየቤቱ ከመበተናቸው በፊት የመጀመሪያዋን ሳምንት አብረው ይዋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል ኖረናል። እስቲ በአሥር ልጆች እንሞክረው።