ብረት ምጣዱ

ነፍስ አባቴ ዘንድ ይህን ይዤ ቀርቤ አላውቅም። እዚያ የምናገረው ሐሜትና የጾም መሻር ነው፤ በሰው ብረት ምጣድ እርሳስ ማቅለጥ ከየትኛው ኃጢአት ተራ እንደሚገባ አልገባኝም ነበር።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አጎቴ ዳባት አጠገብ፣ ደጋው አፋፍ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ከአባታቸው የወረሱት ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት ነው፤ አረሩ 25 ግራም ያህል የሚመዝን ልስልስ እርሳስ ነው። ጥይቱ ከገበያ ስለጠፋ አጎቴ ቀለሁን እየለቀሙ ራሳቸው ይሞሉታል። ባሩዱና ከብሱኑ የሳቸው፣ እርሳሱ የኔ ድርሻ ሆነ። አዘዞ ካለ ጋራዥ የሞተ የመኪና ባትሪ ለምኜ፣ ሰብሬ፣ እርሳሱን በጆንያ ይዤ ሄድሁ።

እትዬ፣ ሚስታቸው፣ ገበያ በሄዱበት ቀን የቆሎ ብረት ምጣዳቸውን ከጓዳ አወጣሁ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከሰል ወናፍ ካገኘ ለዚያ አይሰንፍም። የአምስት ዓመት ልጃቸው አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጨውን ነገር እያየ ይስቃል። ጭሱን አብረን ማግነው። ስጨርስ ምጣዱን በአመድ ፈትጌ፣ አለቅልቄ ቦታው መለስሁት። ማታ የገብስ ቆሎ ተቆላበት። እትዬ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ።

በማግስቱ አጎቴ በዚያ አረር ድኩላ ጣሉ። ሥጋውን ተካፈልን፤ ቁስሉ ዙሪያ የጠቆረውንና ሆድ ዕቃውን ለአሞራ ተውን። «የነሱም ድርሻ አለ» አሉ አጎቴ። ይህን ቃላቸውን እንደ ደግነት ምሳሌ ለስንቱ አውርቼዋለሁ! እርሳስ ግን አጥንት ሲመታ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው በዓይን ሳይታይ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። የስሜን ተራራው ባለ ጢም አሞራ ደግሞ አጥንትን ከሰማይ ለቆ ዓለት ላይ የሚሰብር፣ ስባሪውን የሚውጥ ፍጡር ነው። አጥንት የሚያሟሟ ጨጓራ እርሳስን አይምርም፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ደም ነው።

ይህን ከመማሬ በፊት ስቄበታለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት ፒያሳ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ውጭ ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት ኮንዶር ስለሚባለው የካሊፎርኒያ አሞራ አወራልን። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ላይ የቀረው 27 ብቻ እንደነበር፣ ዛሬም ዋናው ገዳዩ አዳኝ ጥሎት በሄደው ሥጋ ውስጥ ያለ እርሳስ እንደሆነ፣ ግዛቷም ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ፈጽሞ እንደምትከለክል፣ አዳኙ መዳብ እንደሚተካ። «ለአሞራ ብለን መዳብ እንግዛ?» አልሁ። ሁሉም ሳቀ።

ስለ ዋጋው የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። የመዳብ ጥይት ውድ ነው፤ ዳባት ገበያ ላይም የሚሸጠው የለም። ባሌና አርሲ ተራራ ላይ የደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጣው ፈረንጅ እንኳ ጥይቱን ከአገሩ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ግን የተከራከርሁት ለዋጋው ብዬ አይደለም። ወጣቱ ቀጠለና «እርሳስ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ጽንሱ ያልፋል» አለ። ያኔ ብረት ምጣዱ ዓይኔ ላይ መጣ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቤት ገብቼ አነበብሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ ሕፃን ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው የአዋቂን ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው። ቁጢጥ ብሎ ይስቅ የነበረው ልጅ ትምህርት አልገፋም። ምክንያቱ ይኸ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬም መማል አልችልም።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አዲስ ብረት ምጣድ ገዛሁና ለእትዬ ወሰድሁ። «ስጦታ ነው» አልኋቸው። መረቁኝ። ለምን እንደገዛሁት አልነገርኋቸውም፤ አሮጌውን ተቀብዬ ልጣል ብልም ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ።

ባለፈው ጥምቀት ሄጄ እንደ ዋዛ «ያ የድሮው ብረት ምጣድ የት ደረሰ?» አልሁ። «ለልጄ ሰጠኋት፣ ጎጆ ስትወጣ» አሉ። ያኔ በማኅፀን የነበረችዋ ናት። ቤቷ ወሰዱኝ። ቆሎ እየቆላች ነበር፤ ልጆቿ ከበዋታል።

እርሳስ ከብረት ጋር አይዋሃድም፤ ዝገቱ ውስጥ የተሰገሰገ ዝቃጭ ቢኖርም ከሠላሳ ዓመት በላይ ተፈትጎ አልቋል አልሁ ለራሴ። አንድ እፍኝ ዘግኜ በላሁ። ስነሣ ትንሿ ልጅ «ለመንገድ» ብላ ኪሴን ሞላችው።

ኮቴ በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ቆሎው አሁንም ኪሱ ውስጥ አለ።