የራሚሬዝ እናት

«ዘ ዳርክ ናይት» እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን ያየነው በተቀዳ ሲዲ ነበር። ያን ሰሞን የሚወራው ስለ ጆከር ብቻ ነው። ሂዝ ሌጀር ፊልሙ ሳይወጣ መሞቱ፣ ኋላም በ2009 ኦስካር መሸለሙ… ስለ አና ራሚሬዝ ማን ያወራል? እኛም «ከሃዲ!» ብለን ስክሪኑ ላይ ከመጮህ ያለፈ ነገር አላልንም።

ራሚሬዝ የጎርደን ባልደረባ የሆነች መርማሪ ፖሊስ ናት። ሞኒክ ጋብሪዬላ ከርነን ናት የተጫወተቻት፤ የምትታየውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሬቸል አምናት አብራት ስትሄድ ለማሮኒ ሰዎች አሳልፋ ሰጠቻት፤ ሬቸልም በፍንዳታ ሞተች። (እስከ ዛሬ ፊልሙን ካላያችሁት ጥፋቱ የእኛ አይደለም።) መጨረሻ ላይ ግማሽ ፊቱ የተቃጠለው ሃርቪ ዴንት ሽጉጥ ሲደግንባት የእናቷን የሆስፒታል ወጪ ታነሳለች። በዚያ ነው የያዟት። ዴንት ዘውድና ጎፈር ጣለ። ያልከሰለው ገጽ ወጣላትና በቡጢ ዘርሯት ሄደ።

ከዓመታት በኋላ የአንዱ ጓደኛችን እናት ታመሙ፤ የኩላሊት እጥበት። አዋጣን፣ ተበደርን፣ ደረሰኙ ግን አያልቅም። እሱ የሚሠራው ባለጉዳይ በሚበዛበት መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ማታ ጠረጴዛው ላይ ፖስታ ተቀምጦለት እንደመለሰ አጫወተን። «ደሞዝ በወጣ ማግስት ባይሆን ኖሮ እንጃ» አለ። ማናችንም አልሳቅንም።

በቅርቡ ፊልሙን አብረን ደገምነው። ለካ መጀመሪያ አካባቢ፣ ጣሪያው ላይ፣ ጎርደን ራሚሬዝን እናትሽን ልታስታምሚ አልነበር ወይ ይላታል። ተመልሰው ሆስፒታል እንደገቡ ትነግረዋለች። ያዝንላታል፤ ወዲያው ወሬው ወደ ባትማን ይዞራል። ጎርደን ደግ ሰው ነው፤ ግን ሂሳቡን ማን እየከፈለ እንደሆነ አልጠየቀም። እኛም ያኔ ፈንዲሻ ስንሻማ ይሆናል፣ አላስተዋልነውም።

ተከራከርን መቼም። ግማሾቻችን «ሬቸልን ምን እንደሚያደርጓት አላወቀችም» አልን። የቀሩት ደግሞ «ለማን እንደምትሰጣት ግን ታውቃለች፤ ሬቸልስ እናት የላትም?» አሉ። አልተስማማንም።

ሳንቲሙ ወደ ላይ ሲወረወር ያ ጓደኛችን ብድግ ብሎ ወጣ። ስልክ ተደውሎልኝ ነው አለ። ስልኩ ሲጠራ ግን አልሰማንም።