ልጃችን የባሕር ኃይል ምግብ አብሳይ ሲሆን

በአሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን ልጆቻችን ሐኪም ወይም ኢንጂነር እንዲሆኑ እየጸለይን አሳድገናቸዋል። አንድ ቀን ግን ልጅ መጥቶ «ባሕር ኃይል ልገባ ነው» ይላል። በየጉባኤያችን ይህን ሰምተው እንቅልፍ ያጡ ወላጆች አሉ። እኛም ከእነርሱ መካከል ስለሆንን፣ ጌታ ያሳለፈንን መንገድ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ልጃችን የተመዘገበው በ19 ዓመቱ ነው። የሚመኘው «ኮርፕስማን» የሚባለውን፣ ሕሙማንንና ቁስለኞችን የሚረዳውን ሥራ ነበር። በባሕር ኃይል የሥራ ምደባ ግን በምኞት ብቻ አይሆንም። «አስቫብ» የሚሉት ፈተና ውጤት አለ፤ የጤና ምርመራ አለ፤ ዜግነት የሚጠይቁ ሥራዎችም አሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ በዚያ ሰዓት ክፍት ቦታ መኖር አለበት። እርሱ በሄደበት ቀን የሕክምናው ቦታ አልተገኘም። ከቀረቡለት ውስጥ «ኩሊናሪ ስፔሻሊስት» የሚባለውን ፈረመ፤ በእኛ ቋንቋ የመርከብ ምግብ አብሳይ ማለት ነው።

ዜናው ከበደን። አንድ ዘመዳችንም «ይህን ሁሉ ተምሮ ወጥ ሊሠራ ነው?» አለን። መልስ አልነበረንም። ሁለታችን ተንበርክከን፣ «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ካልሆነ ይህን በር ዝጋው» ብለን ጸለይን። በሩ አልተዘጋም።

የባሕር ኃይል ምልምሎች መሠረታዊ ሥልጠና የሚወስዱት ከቺካጎ በስተ ሰሜን፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ግሬት ሌክስ በሚባል ስፍራ ነው። በገባበት ሌሊት ስልክ ደወለ። «ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ» አለና ተዘጋ። ለብሶት የሄደው ልብስ ከቀናት በኋላ በካርቶን ተመለሰልን። እናት ያንን ካርቶን ስትከፍት ምን እንደሚሰማት የደረሰባት ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የደብዳቤ ሳምንታት ናቸው። በመጨረሻም «ባትል ስቴሽንስ» የሚሉት ፈተና አለ። በሕንፃ ውስጥ በተሠራ መርከብ ላይ እሳት ሲያጠፉ፣ የሚገባውን ውኃ ሲከላከሉ ሌሊቱን ሙሉ ያድራሉ። ያለፈ ሰው ጠዋት ላይ «ምልምል» የሚለውን ቆብ አውልቆ «ባሕር ኃይል» የሚል ቆብ ያደርጋል።

በእነዚያ ሳምንታት ጌታ ሁለት ክፍሎችን ሰጠን። የመጀመሪያው የሐና ታሪክ ነው (1ኛ ሳሙኤል 2፥19)። ሐና ልጇን ለእግዚአብሔር ሰጠችው፤ መውደዷን ግን አላቆመችም። በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ልኩን በዓይኗ ሳታይ፣ «ዘንድሮ ይህን ያህል አድጓል» ብላ ገምታ የምትሰፋ ይመስለናል። የእኛም ደብዳቤ እንደዚያ መደረቢያ ሆነልን። በየቀኑ ተራ በተራ ጻፍን። ስለ ቤቱ፣ ስለ እህቱ፣ በእሁድ ስለ ሰማነው ቃል ጻፍን። ሐሳቡን ወደ ቤት የሚመልስ ጭንቀት ግን ለእግዚአብሔር ነገርነው እንጂ በፖስታ አላክነውም።

ሁለተኛው ክፍል ዮሐንስ 21 ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ በባሕር ላይ ደክመው ምንም አልያዙም። ከሞት የተነሣው ጌታ በባሕሩ ዳር ሲጠብቃቸው ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ነበር። ሞትን ያሸነፈው እጅ ለደከሙ የባሕር ሰዎች ቁርስ ሠራ! ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብበነዋል፤ ያን ጊዜ ግን ለእኛ የተጻፈ መሰለን። ጌታ ያልናቀውን ሥራ እኛ ምን ብለን እንንቀው?

ልጃችን በቨርጂኒያ የሙያ ትምህርቱን ጨርሶ በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ተመደበ። እንዲህ ያለ መርከብ ከነአብራሪዎቹና ከነጥገና ሠራተኞቹ 5,000 ገደማ ሰው ይይዛል። ሦስቴ ከሚቀርበው ምግብ ሌላ፣ ሌሊት ተረኛ ለሆኑት በእኩለ ሌሊት ይበስልላቸዋል። አንድ ቀን ሲደውል እንዲህ አለን፦ «እማዬ፣ አባዬ፣ ከሌሊት ሥራ ተጎሳቁለው ይመጣሉ። ትኩስ ነገር ስሰጣቸው ፊታቸው ይፈታል። አንዳንዱ እዚያው ቆሞ የልቡን ያጫውተኛል።» ሕሙማንን መርዳት የፈለገው ልጅ በሌላ በር ገብቶ ሰው እየረዳ ነው።

ልጃችሁ ሊሄድ ለተነሣ ወላጆች ይህን እንበላችሁ። የመጀመሪያው ስልክ በሰከንዶች ቢያልቅ አትደንግጡ፤ ለሁሉም እንደዚያው ነው። የእናንተን ስልክ ቁጥር በቃሉ ይያዝ። ደብዳቤ አዘውትሩ፤ ቆሎም ሆነ ዳቦ ቆሎ ግን በሥልጠናው ጊዜ አትላኩ፤ አይፈቀድም። የሚፈርመውን ውል ከእርሱ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡ፤ በቃል የተነገረ ተስፋ ሁሉ በወረቀቱ ላይ አይገኝም። የተመደበበትንም ሥራ በሰው ፊት አታሳንሱበት።

ፍርሃቱስ? እውነቱን እንነጋገር። ባሕር ባሕር ነው፤ ወታደርም ወታደር ነው። ልጃችን ምንም አይነካውም የሚል ቃል ከማንም አልተቀበልንም። የተቀበልነው ሌላ ነው፦ እስከ ባሕር ዳርቻ ቢርቅ እንኳ የእግዚአብሔር እጅ በዚያ እንደምትመራው መዝሙር 139 ይነግረናል። እኛ መርከቡ የት እንዳለ የማናውቅባቸው ሳምንታት አሉ። እርሱ የማያውቅበት አንድ ሌሊት የለም።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ በባሕር ላይ ያሉትን ልጆቻችንን ጠብቅልን። በሥራቸው ታማኞች፣ ለባልንጀሮቻቸው መጽናኛ አድርጋቸው። ከአንተ የራቁ ካሉም በዚያ አግኛቸው። እኛንም ወላጆች ልጆቻችንን ለአንተ በመስጠት አጽናን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።