መቀነትና የወገብ መደገፊያ

በእኛ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ሴት ልጅ ወገቧን ሲያማት የመጀመሪያ መድኃኒቷ መቀነቷ ነው። እንስራ አዝላ ዳገት ከመውጣቷ በፊት ጠበቅ አድርጋ ትታጠቀዋለች። ስለዚህ ለታላቅ እህታችን ብረት የገባበት የላስቲክ ቀበቶ ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣላት ነገሩ ለቤታችን እንግዳ አልሆነም። እንግዳ የሆነብን ተስፋው ነበር። ሻጩ፣ ስድስት ወር ሳታወልቅ ከታጠቀችው ጀርባዋ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ይላል ብሎ ነበር የሸጠው።

እትዬ አምስት ልጆች ወልዳ ያሳደገች፣ ዕድሜዋ ከ40 ያለፈ ሴት ናት። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ከፍ ማለቱን እናታችን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ ሕመሙ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ቆማ ራጅ ስትነሣ አከርካሪዋ ወደ ጎን 34 ዲግሪ ተጣሞ ተገኘ። ሐኪሞች ጥመቱ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይሉታል።

ቀበቶውን በዚያ ሙቀት ሌት ተቀን ታጠቀችው። በሁለተኛው ወር የጎኗ ቆዳ ተላጠ፤ ጀርባዋም እንደነበረ ነው። ተናዳ ቆጥ ላይ ወረወረችው። በዚህ መካከል ጎረቤቶቻችን የጋናን ወሬ አመጡ። ወሬው እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ጀርባቸው ክፉኛ የተጣመመ ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና፣ ዶክተር ኦሄነባ ቦዋቺ አጄይ ዘንድ ልከዋል። ባሏም በሬ ልሽጥ ብሎ ተነሣ። ነገር ግን በባሕር ዳር የመረመራት ሐኪም ያ ከባድ ቀዶ ሕክምና ለእሷ እንደማያስፈልግ ነገራትና ወደ ፊዚዮቴራፒ መራት። (በሬው አልሐምዱሊላህ እስከ ዛሬ ያርሳል።)

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወጣት ናት። ቀበቶውን አገላብጣ አየችና «እናቴ፣ ይህ ምርኩዝ ነው፤ ምርኩዝ ደግሞ እግር አያቀናም» አለቻት።

ሻጩ ያወራው ከልጆች ሕክምና የተቀነጨበ ነገር ሳይሆን አይቀርም። አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ በልኩ የተሠራ ጠንካራ መደገፊያ በቀን ለ18 ሰዓት ያህል ቢያደርግ ጥመቱ እንዳይብስ ሊረዳው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የታወቀ ጥናት መደገፊያ ካደረጉት ልጆች 72 በመቶው፣ ካላደረጉት ግን 48 በመቶው ጥመቱ ለቀዶ ሕክምና ከሚያደርስ ደረጃ ሳይደርስ እድገታቸውን ጨርሰዋል። እዚህም ላይ ቢሆን የተፈለገው እንዳይብስ ማድረግ ነው። አጥንቱ የጠና ሰው ጀርባ ግን በቀበቶ አይቃናም።

ታዲያ ለጎልማሳ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሆድን ዙሪያውን በመጭመቅ ከአከርካሪው ላይ ሸክም ይቀንሳል፤ የሚያመውን መጠማዘዝም ይገታል። በጎልማሶች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና አነስተኛ ናቸው፤ ሕመም እንደሚቀንስ ያመለከቱ ግን አሉ። እትዬም ያገኘችው ይህንኑ ነው። ዛሬ ቀበቶውን የምትታጠቀው በርበሬ ልትቀነጥስ ስትቀመጥና ወደ ገበያ ረጅም መንገድ ስትሄድ፣ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከሥሩም ስስ የጥጥ ልብስ ትለብሳለች። ስትተኛ ታወልቀዋለች። ጡንቻዋ ሥራ ፈትቶ እንዳይሰንፍ ባለሙያዋ ያሳየቻትን እንቅስቃሴ ጧት ጧት ትሠራለች፤ ትሰለቸዋለች፣ ግን ትሠራለች። በፊት ግማሽ ቁና ሳትቀነጥስ ትነሣ የነበረችው አሁን ከእኛ ጋር እስከ ዐስር አዛን ድረስ ትቀመጣለች።

ስለ ሶላትም ጠይቃን ነበር። ለውዱእ ቀበቶውን ማውለቅ አያስፈልግም፤ ውዱእ ወገብን አይነካምና። ለሩኩዕና ለሱጁድ ግን ስለሚያስቸግር ታላላዋለች። ሕመሙ በበረታባት ቀን ተቀምጣ ትሰግዳለች፤ ለሱጁድ ከሩኩዑ ይልቅ ጭንቅላቷን ዝቅ ታደርጋለች። ይህ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው።

የጀርባ ሕመም ሁሉ ግን እንደ እትዬ አይደለም። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪ ላይ ወጥቶ ጀርባን ያጎብጣል። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ቀበቶ ፍለጋ ገበያ መውጣት ሳይሆን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።