ካሜራው ይናገራል

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትልልቅ የትዳር ጉዳዮች ነው። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ከአውራ ጣት ጥፍር ስለማትበልጥ አንዲት የሚሞሪ ካርድ ነው። «ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ከዚህ በፊት እንዲሁ እል ነበር።

የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያለችን መኪና አንዲት ብቻ ናት። ቀን እኔ ተሳፋሪ አመላልስባታለሁ፤ ማታ ደግሞ ባለቤቴ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ትሄድባታለች። የእርሷ ፈረቃ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት በመሆኑ፣ መኪናችን 12 ሰዓት ሙሉ መኪና ማቆሚያ ፎቅ ውስጥ ብቻዋን ታድራለች። ስለዚህ ከፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ካሜራ ገዛሁ። ሰዎች ዳሽ ካም የሚሉት ማለት ነው። መኪናዋ ቆማም እንዲሠራ ገመዱን ከፊውዝ ሳጥኑ ጋር አስቀጠልኩና ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ከተትኩበት። ከዚያ በኋላ ዞር ብዬም አላየሁት። ካሜራ አለኝ ብዬ ተኛሁ እላችኋለሁ!

አንድ ማለዳ ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ቁልፉን ልቀበላት ወጣሁ። የፊቱ ፓራውልት በግራ በኩል ተሰንጥቋል፣ ነጭ ቀለምም ተፈግፍጎበታል። «ምን መታሽ?» አልኳት። ልብ በሉ፤ «ምን ሆነች?» አላልኩም። «እኔ ምንም አልመታሁም፤ ከኋላ በኩል መጥቼ ስለገባሁ አላየሁትም» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ሴት ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ግን የማቆሚያው ፎቅ የኮንክሪት ምሰሶዎች ነጭ ቀለም የተቀቡ መሆናቸው ትዝ አለኝና፣ «ግድ የለም፤ ካሜራው ይናገራል» አልኳት። ምንም ሳትመልስልኝ ወደ ቤት ገባች።

ካርዱን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። እንግዲህ ይህ ካሜራ እንዴት እንደሚያስቀምጥ ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። የሚቀርጸውን በአንድ አንድ ደቂቃ ቆራርጦ ያኖራል፤ የእኔው አንዱ ደቂቃ ወደ 100 ሜጋባይት ይመዝናል። ካርዱ ሲሞላ ሥራውን አያቆምም፤ የቆየውን እየደመሰሰ በቦታው አዲሱን ይጽፋል። ነገር ግን በውስጡ መንቀጥቀጥ የሚለካ መሣሪያ አለውና፣ መኪናዋ ስትነቃነቅ ግጭት የደረሰ መስሎት ያንን ፋይል ይቆልፈዋል። የተቆለፈው አይደመሰስም። እኔ ደግሞ ስገዛው «ንቁ ይሁን» ብዬ የመሣሪያውን መጠን የመጨረሻው ከፍታ ላይ አድርጌው ነበር።

ውጤቱን ስሙኝ። የተቆለፉት ፋይሎች 510 ነበሩ። ይህ ወደ 51 ጊጋባይት ማለት ነው። 64 ተብሎ የተጻፈበት ካርድ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳየው 59 ገደማ ነው። ስለዚህ ለአዲሱ ቀረጻ የተረፈችው ቦታ 80 ደቂቃ ብቻ ነበረች! ያቺኑ 80 ደቂቃ ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ እያሽከረከራት አድሯል። አንድ መኪና ባለፈ ቁጥር፣ አንድ ሰው ቁልፉን ፍለጋ በቆመ ቁጥር ይነቃል፤ ይቀርጻል፤ የቀደመውን ይደመስሳል። የቀረልኝ የመጀመሪያው ፋይል ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ የተቀረጸ ሲሆን፣ በእርሱ ላይ ፓራውልቱ ተሰንጥቆ ይሁን ደኅና ሆኖ አይታይም፤ ካሜራው የሚያየው ወደ ፊት ነዋ። ባለቤቴ ስታቆም የተቀረጸው የለም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ያህል የሆነውም የለም። አንድ ሰው መትቷት ሄዶም ከሆነ ያ ሰው ተደምስሷል።

«ምናልባት ከተቆለፉት ውስጥ ይኖራል» ብዬ 510ሩን መክፈት ያዝኩ። የዚያ ሌሊት አንድም የለበትም፤ ለካስ ለተቆለፉት የተመደበው ቦታ ራሱ ከሞላ ሰንብቷል። ታዲያ ምን ነበር ያ ሁሉ? የፍጥነት መግቻ። የጎዳና ጉድጓድ። ሻንጣ ሲጫን። ልጃችን በር ሲወረውር። በመካከሉ ከሦስት ሳምንት በፊት የተቀረጸ አንድ ፋይል ከፈትኩ። የሚታየው የቤታችን አጥር ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን ይሰማል። ባለቤቴ፣ «ይሄ ነገር ካርዱ ሞልቷል እያለ ይጮኻል እኮ፤ ለምን አታየውም?» ትላለች። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ «ስለ ማታውቂው ነገር አትግቢ! ዝም ብለሽ ንጂ!» ይላል። ከዚያ የበር ድምፅ። እንዴት አድርጌ ብወረውረው ነው? ካሜራው ግጭት ነው ብሎ ቆለፈው።

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ስናገረው እንደዚያ አልመሰለኝም ነበር።

ባለቤቴ ሻይ እየጠጣች ነበር። «ካሜራው ምን አለ?» አለችኝ። ኮምፒውተሩን ይዤላት ሄድኩና አሰማኋት። ስለ መኪናዋ ምንም ማስረጃ እንደሌለኝ፣ የሌለኝም በእኔው ቸልተኝነት እንደሆነ ነገርኳት። «አልመታሁም ብለሽኛል፤ አልመታሽም» አልኳት። ይህንን ቃል ያለ ቪዲዮ ማለት ነበረብኝ፤ ማለዳ በሩ ላይ። ብዙ አልተናገረችም። ብቻ ካርዱን ከማጥራቴ በፊት፣ «ይቺን ፋይል ምን ላድርጋት?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ትጥፋ፤ ቦታ ትይዛለች» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ተማርኩት፤ የተማርኩትንም ለእናንተ ላካፍል።

መጀመሪያ የመንቀጥቀጥ መለኪያውን ስትነዱ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ ብዙ ካሜራዎች ለቆመ መኪና ለብቻው ማስተካከያ አላቸውና ያንን መካከለኛው ላይ። ቀጥሎ ስትቆሙ እንዴት እንደሚቀርጽ ምረጡ። እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር የሚነቃው ዓይነት ጭር ላለ ግቢ ጥሩ ነው፤ መኪና ለሚበዛበት ቦታ ግን እንደ እኔ መሆን ነው። ሌላው በሰከንድ አንድ ፎቶ ብቻ የሚያነሣው ነው። 12 ሰዓት 43,200 ሰከንድ ነው፤ ይህ በተለመደው ፍጥነት፣ በሰከንድ 30 ፎቶ ሲታይ 24 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ሙሉ ሌሊት በ24 ደቂቃ! ጉድለቱ ድምፅ የለውም፤ ፈጥኖ ያለፈ ታርጋም በሁለት ፎቶ መካከል ሊያመልጥ ይችላል። እኛ ግን ለሆስፒታሉ ማቆሚያ ይህንን መርጠናል።

ካርዱንም ቀየርን። ተራው ካርድ የተሠራው ፎቶ እየተነሣ እንዲቀመጥበት እንጂ ቀንና ሌሊት እየተጻፈበት እንዲደመሰስ አይደለም፤ ሲደጋገምበት ያልቃል፣ ማለቁንም ላይነግራችሁ ይችላል። ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ አሉ፤ ሳንዲስክ ሀይ ኢንዱራንስ፣ ሳምሰንግ ፕሮ ኢንዱራንስ የሚባሉት ዓይነት። ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራችሁ እስከ ስንት ጊጋባይት እንደሚቀበል መመሪያው ላይ እዩ። እኛ ባለ 128 ገዛን፤ በእኛ ካሜራ ወደ 20 ሰዓት ይይዛል።

በወር አንድ ጊዜ ካርዱን በካሜራው በራሱ ፎርማት አድርጉት፤ በኮምፒውተር አይደለም፤ አቀማመጡን እርሱ እንደሚወደው ያዘጋጃልና። ነገር ግን ፎርማት የተቆለፈውንም ያጠፋል፤ የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ ገልብጡ። አንድ ነገር ከደረሰባችሁ ደግሞ «ማታ አየዋለሁ» አትበሉ። ካሜራውን አጥፉና ካርዱን አውጡ፤ ወደ ቤት የምትነዱበት እያንዳንዱ ደቂቃ ሌላ ደቂቃ ሊደመስስ ይችላል። ሰዓቱንም አስተካክሉ። እዚህ አገር በመጋቢትና በኅዳር ሰዓት ስለሚቀየር፣ አንድ ሰዓት የተሳሳተ ቪዲዮ ለኢንሹራንስ ማስረዳት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ባትሪውንም አትርሱት። ሙሉ የሆነ የመኪና ባትሪ ቆሞ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ነው። የገመዱ መሣሪያ ባትሪው ሲወርድ ካሜራውን የሚያጠፋበት መቁረጫ አለው፤ የእኛ በክረምቱ ብርድ 12.2 ላይ ነው። ባለቤቴ ከ12 ሰዓት ሥራ ወጥታ የማትነሣ መኪና እንድታገኝ አልፈልግም።

ማይክሮፎኑን ግን ዘጋሁት። በሜሪላንድ ሕግ የግል ንግግርን ያለ ሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ መቅዳት አይፈቀድም። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ደግሞ የአንዱ ተነጋጋሪ ፈቃድ ይበቃል። እኔ ተሳፋሪ ይዤ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ወንዙን የምሻገር ሰው ነኝ፤ ዘግቶ መቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሕጉ ብቻ አይደለም ያዘጋኝ።

የፓራውልቱ ነገር እንደ ተሰነጠቀ አለ። ጋራዡ የጠየቀን ከኢንሹራንሱ በፊት ከኪሳችን ከምንከፍለው ብዙም ስለማይበልጥ፣ እስኪሞላልን በፕላስተር አስረነዋል። ማን እንደመታው አሁንም አናውቅም።

ካርዱን የምታጠራው አሁን ባለቤቴ ናት፤ ራሷ ጠይቃ ነው የወሰደችው። ባለፈው ቅዳሜ በወሩ የተቆለፉትን ቆጠረችልኝ፤ 11 ናቸው። ሰባቱ የቤተ ክርስቲያናችን መግቢያ ላይ ያለው የፍጥነት መግቻ ነው። ሦስቱ ጉድጓድ። አንዱን ደግማ አየችው፤ እኔ ግንዱን ስዘጋ ነው። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይሄስ?» አለች። «ሩዝ ነው፤ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ከጣልኩ በኋላ ነው የዘጋሁት» አልኳት። ሳቀችና አጠፋችው።